ልጄን ያሳጣኋት ዓመት

እዚህ ካናዳ ልጄ የምትማርበት ኮሌጅ በየዓመቱ በረዶው ሊያበቃ ሲል የምሳ ግብዣ ያደርጋል። ገንዘባቸውን የሚለግሱ ሰዎች፣ ጊዜያቸውን በነፃ የሚሰጡ ጡረተኞች፣ ተማሪዎችና የተማሪ ወላጆች ክብ ጠረጴዛ እየከበቡ አብረው ይበላሉ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ "ሺፍት አለብኝ" እያልኩ አመለጥኩ። ሺፍቱ እውነት ነበር፤ ግን ባይኖርም አልሄድም ነበር። እንደዚያ ያለ ቦታ ያስፈራኛል። ሹካው ሁለት፣ ቢላው ሁለት፣ ጎንህ የተቀመጠውን ሰው ምን ብለህ እንደምታጫውተው አታውቅም። ሥራ ቦታ እንደልቡ የሚሮጠው እንግሊዝኛዬ እንኳ እንደዚያ ያለ አዳራሽ ስገባ እግሩ ይተሳሰራል። በሦስተኛው ዓመት ግን ማምለጫ አጣሁ።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ ቴምፕል የተባለው ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ በረዶ አዳልጦኝ በወገቤ ወደቅኩ። አየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነኝ፤ ሻንጣ ጫኝ ያለ ወገብ ምን ያደርጋል? ቀላል ሥራ ተብሎ የጠፋ ሻንጣ የሚመዘገብበት ክፍል አስቀመጡኝ፣ ሰዓቴም በግማሽ ቀነሰ። ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ሠርታ የምታመጣው ከሬንትና ከአስቤዛ አያልፍም። ልጄ ከክላስ በኋላ ቡና መሸጫ ትሠራለች። አንድ ቀን እራት በልተን ስንጨርስ፣

"ዳድ፣ የሚረዳኝ ሰው ካልተገኘ የሚቀጥለውን ዓመት ስቶፕ አደርጋለሁ" አለች። "ጀስት ለአንድ ዓመት። ኢትስ ኦኬ።"

ሳህኗን አንስታ ወደ ማጠቢያው ሄደች። የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ነበር፣ የመጨረሻው። "ለአንድ ዓመት" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ጠንቅቄ አውቃለሁ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ያቋረጥኩት ለአንድ ዓመት ብዬ ነው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሳህን የምታጥብ ልጄን ከኋላዋ እያየሁ ተቀመጥኩ። 

ስለ ኮሌጁ ልናገር። ትንሽ ነው። ሐኪምና ኢንጂነር አያወጣም፤ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሃይማኖት፣ ትንሽ ሳይንስ፣ ሁሉንም እያቀላቀለ ያስተምራል። ሊበራል አርትስ ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ልጅህ ምን እየተማረች ነው?" የሚሉኝን ሰዎች ይህን ለማስረዳት ስሞክር ፊታቸው ላይ የሐዘን መልክ አያለሁ። "አይዞህ፣ በኋላ ነርሲንግ ትገባለች" ያለኝ ሽማግሌም አለ። እኔም መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ግን አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ መጣችና "አባዬ፣ ሰው ጥሩ ነገር ሠርቶ ማንም ባያውቅለት ያው ጥሩ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅኩባት። በማግስቱ ሻንጣ ስጭን ዋልኩና ሺፍቴ እስኪያልቅ ያቺን ጥያቄ ሳላምጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ነርሲንግ የሚለኝን ሁሉ እቆጣለሁ።

ኮሌጁ ቆሞ የሚሄደው በሰዎች ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ንባብ ክፍል ተቀምጠው የተማሪዎችን ጽሑፍ ያነባሉ፣ ያርማሉ። ልጄ በስማቸው ትጠራቸዋለች። እኔ የሰባ ዓመት ሴትዮ በባዶ ስም መጥራት አፌ አይችልም፤ በሆዴ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ምግብ ለሚያጥራቸው ተማሪዎች አስቤዛ ያሽጋሉ፣ ካፖርት ያሰባስባሉ። አቅም ያላቸው ደግሞ የአንድ ተማሪን የመጨረሻ ዓመት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። እትዬ ተማሪውን ይጠቁማሉ፤ ከፋዩ ግን 'ልክፈልላችሁ?' ብሎ ራሱ፣ ፊት ለፊት፣ በአፉ ይጠይቃል። በፎርም አይደለም። ለዚህ ነው የምሳው ግብዣ ያለው። ከግብዣው በኋላ ባለው ዓርብ የሚከፈልላቸው ተማሪዎች ዝርዝር ይዘጋል።

ግብዣው በሆነበት ቅዳሜ መኪና ውስጥ ልጄ ክራቫቴን አስተካከለችልኝ።

"ዳድ፣ ፕሊስ፣ ከጠየቁህ ጀስት መልስላቸው። ስቶሪ አታብዛ።"

"እኔ መቼ ነው ስቶሪ የማበዛው?" አልኳት። ክራቫቴን አንድ ጊዜ ደግማ አጠበቀችው።

ከእኔ አጠገብ የተቀመጡት ኤርድሪ ከምትባል ጎረቤት ከተማ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የእርሻ መሣሪያ ሲሸጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እጃቸው የእኔን እጥፍ ይሆናል። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን አሟቸው እንደቀሩ ነገሩኝ፤ እኔም ስለ ወገቤ ነገርኳቸው። ደስ አሉኝ። ልጄ ሾርባውን ጠጥታ እንደጨረሰች ተማሪዎቹ ዋናውን ምግብ እንዲያቀርቡ ተጠሩና ተነሥታ ሄደች። እትዬ ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ሽማግሌውን በዓይናቸው ጠቀሱ፤ አየሁ። 

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጅህ የጻፈችውን አንብቤያለሁ" አሉ። "እኔና ባለቤቴ የሚቀጥለውን ዓመቷን ልንሸፍንላት እንፈልጋለን። ለቤተሰባችሁ ይጠቅማችኋል?"

እኔም እንዲህ አልኩ። "አይ፣ አይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ለምን ትቸገራላችሁ። እኛ እንደምንም እንወጣዋለን። ከእኛ የባሰባቸው አሉ።"

ይህን የሚያነብ ያገሬ ሰው ምን እንዳልኩ ያውቃል። እምቢ አላልኩም። ተግደረደርኩ። ያደግኩበት ቤት ውስጥ የቀረበለትን በመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀበል ልጅ ስድ ይባል ነበር። እንግዳ "ጠግቤያለሁ" ይላል፣ ይለመናል፤ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል፣ ይለመናል፤ በሦስተኛው "በሞቴ" ሲባል እጁን ይዘረጋል። ሰጪውም ተቀባዩም ይህን ያውቃሉ፤ ማንም አይደነግጥም። ካናዳ አሥራ አራት ዓመት ስኖር ይህን የረሳሁ መስሎኝ ነበር። ኦቨርታይም ሲሰጡኝ ቃሉን ሳይጨርሱ "የስ" እላለሁ። ቡና ሲጋብዙኝ ወዲያው እቀበላለሁ። ግን ነገሩ ትልቅ ሲሆን፣ የጠየቀኝም ጸጉሩ የሸበተ ሰው ሲሆን፣ አፌ እኔን አላማከረኝም።

ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ።

ሽማግሌው ለትንሽ ጊዜ አዩኝ። ዓይናቸው እርጥብ አለ። ትልቁን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና "እንዲህ የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም" አሉ። ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥተው አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ ወደ ሾርባቸው ተመለሱ።

ሾርባውን እንዴት እንደጠጡት እስከ ዛሬ ይታየኛል። ተረጋግተው፣ ማንኪያውን እያጋደሉ።  አሁን ይጠይቁኛል እያልኩ ጠበቅኩ። ዋናው ምግብ መጣ። ስለ በረዶ ዝናብና ስለ ዘንድሮ አዝመራ ያወሩኛል።

"ልጄ ጎበዝ ናት" አልኩ፣ መንገዱን ላሳያቸው ብዬ።

"በጣም ጎበዝ ናት" አሉ።

"በዚህ ዘመን ትምህርት ከባድ ነው።"

"እውነትህን ነው" አሉና ጨው እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ።

"ወገቤ ከተጎዳ ወዲህ ደግሞ ሥራው..." ብዬ ጀመርኩ። ለወገብ ሕመም የሚሆን ቅባት እንዳለ፣ ባለቤታቸው ለጉልበታቸው እንደሚቀቡት፣ ስሙን በስልክ እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ። ቁጥሬን ግን አልወሰዱም። ኬክ መጣ። ልጄ ከማዶ ሳህን ተሸክማ ስታልፍ አየችኝና ሳቀችልኝ። ሳህኑ እንዳይወድቅባት ብዬ ዓይኔን ከእሷ ላይ አነሳሁ። ሽማግሌው ተነሡ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ እጄን ይዘው ቆዩ። "የዛሬውን አልረሳም" ብለው ሄዱ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

መኪና ውስጥ ልጄ ቀበቶዋን ሳታስር ጠየቀችኝ። "ሶ? አናገሩህ?"

"ብዙ ተጫወትን። ደግ ሰው ናቸው።"

"ግን፣ ላይክ፣ ጠየቁህ?"

"ስለ ትምህርትሽ አንሥተናል" አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ለዚህ ነው ከውሸት የከፋው። ፊቷ በራ። ሬዲዮ ከፈተች፣ በጣቷ እያጀበች ትዘፍን ጀመር። ወደ ቴምፕል የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፍኩት። "ዳድ፣ አለፍከው እኮ" አለችና ሳቀች። ልጄ እኔ አጠገብ ተቀምጣ ከዘፈነች ወራት አልፎ ነበር፤ አፌን ቁርጥ ይበለው እያልኩ በሆዴ ረገምኩት።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ገና ሥራ ናት። ስትመጣም አልነገርኳትም። "እንዴት ነበር?" አለችኝ፤ "ጥሩ ነበር" አልኳት። አንዴ አየት አደረገችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ሃያ ሦስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ የምደብቀው ነገር እንዳለኝ ያወቀች ይመስለኛል። ለምን እንዳልጠየቀችኝም አላውቅም። ብትጠይቀኝ ተናግሬ አርፍ ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አገልጋዩ "የጸሎት ርእስ ያለው" ሲል አንዷ ለእናቷ ሕመም፣ አንዱ ለመኖሪያ ወረቀት ጉዳዩ እጃቸውን አነሡ። እኔ እጄ ጭኔ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። በዚያ ጉባኤ አሥር ዓመት ስቆይ ስለ ራሴ ጸልዩልኝ ብዬ አላውቅም። "ሁላችንን ያስበን" ነው የምለው። የዚያን ዕለት ግን ፈለግኩ። ተነሥቼ "ልጄን ገደል ጨምሬያታለሁ፣ ጸልዩልኝ" ማለት ፈለግኩ። ጉባኤው ዘወር ብሎ ሲያየኝ ታየኝና ተውኩት። መዝሙር ተጀመረ።

ሰኞ የጠፋ ሻንጣ ክፍል ውስጥ የሦስት ሰው ሻንጣ ያለ አድራሻው ላክሁ። አለቃዬ "ደህና ነህ?" ስትለኝ "በጣም ደህና ነኝ" አልኳት። ለሽማግሌው ልደውል አሰብኩ፣ ቁጥራቸው የለኝም። ለእትዬ ልደውል አሰብኩ፤ የእሳቸው ቁጥር ልጄ ፍሪጅ ላይ የለጠፈችው ወረቀት ላይ አለ። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን መታሁ፣ ሁለቴም ሳይጠራ ዘጋሁት። ምን እላለሁ? "ያን ዕለት አይ ያልኩት አዎ ማለቴ ነው" ይባላል? ለፈረንጅ ይህ እብደት ነው። ለእኔም ቢሆን፣ አንዴ እምቢ ያልኩትን ነገር ተመልሼ ሄጄ ስጡኝ ማለት ልብስ አውልቆ ገበያ መሃል ከመቆም አይተናነስም። ዓርብ ደግሞ እየመጣ ነው።

ማክሰኞ እረፍቴ ነበር። ልጄ ክላስ ውስጥ የምትሆንበትን ሰዓት ጠብቄ ኮሌጁ ሄድኩ። እትዬን ያገኘኋቸው ምድር ቤት ያለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለተማሪዎች የሚታደለውን አስቤዛ በወረቀት ከረጢት እያሸጉ። እኔን ሲያዩ ደስ አላቸው። "በጥሩ ሰዓት መጣህ" ብለው መደርደሪያውን አሳዩኝ። ሩዝ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ አንድ ጠርሙስ ኦቾሎኒ ቅቤ፤ ከረጢት ውስጥ ከታች ከባዱ፣ ከላይ ቀላሉ። ሻንጣ ለጫነ ሰው ቀላል ሥራ ነው። እንኳን ሥራ ተሰጠኝ አልኩ፤ ሥራ እያለኝ መናገር የለብኝም። አንድ ሰዓት ያህል ከረጢት ስሞላ ቆየሁ። ለማላውቃቸው የተቸገሩ ልጆች ምግብ አሽጌ ጨረስኩ፤ የራሴን ጉዳይ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እትዬ "ሻይ ልስጥህ?" አሉኝ። "አይ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ።

ያኔ ምላሴን ሰማሁት። ደነገጥኩ። ከረጢቱን አስቀመጥኩና "እትዬ" አልኳቸው፣ በአማርኛ፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ፣ ሾርባው፣ ደብተሩ። የኦቾሎኒ ቅቤውን ጠርሙስ በእጃቸው እንደያዙ ሰሙኝ።

"ስንት ጊዜ?" አሉ።

"ሦስት። ሰውየው ጨዋ ከሆነ አራት።"

አልሳቁም። አንድ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። "ቅዳሜ ከሰዓት መኪናቸው ውስጥ ሆነው ደወሉልኝ" አሉ። "ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። 'ከእኛ የባሰባቸው አሉ ያለኝ ሰው አገኘሁ' አሉ። እኔም ዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ የነበረችውን ልጅ ሰጠኋቸው። አያቷን እያስታመመች የምትማር ልጅ ናት። ትናንት ራሳቸው ጠየቋት። እዚሁ ክፍል ውስጥ አለቀሰች።" ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ መለሱት። "ከእሷ ልወስድ አልችልም።"

"አይወሰድባት" አልኩ። ይህን ስል አልተግደረደርኩም። እኔም ካርቶን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሁለታችን ካርቶን ላይ ተቀምጠን መሬት መሬት እናያለን።

"ያስፈልገናል ብትል እኮ..." ብለው ጀመሩና አቆሙ። የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀና አሉ። "ሴፕቴምበር ላይ..." አሉ፣ ደግሞ ተዉት።

"ምንድን ነው?"

"እሱን ልጅህ ትንገርህ።" ተነሥተው እጃቸውን አራገፉ። "ሌሎች ሰዎች አሉኝ፤ እስከ ዓርብ ልደውልላቸው እችላለሁ። ያው ሙሉ ዓመት አይሆንም። ግን ተማሪዋ ራሷ ጠይቃኝ ነው እንጂ በአባቷ አፍ አይሆንም። ንገራት። እኔ አልዋሻትም፣ ካገኘኋት እነግራታለሁ።"

ረቡዕ ከሰዓት ሺፍት ነበረኝ። መኪናውን ልጄ ትፈልገው ስለነበር አየር ማረፊያ ድረስ አደረሰችኝ። ሠራተኛ የሚወርድበት ቦታ ፓርክ አደረገች፤ አልወረድኩም። አውሮፕላን ከላያችን እየዞረ ይወርዳል። "ዳድ፣ ትዘገያለህ" አለች። በሩን ለመክፈት እጄን ልኬ መለስኩት።

"ሽማግሌው ጠይቀውኝ ነበር" አልኳት። "አይ አልኳቸው።"

አማርኛው ያልገባት መስሎኝ ደገምኩት። "ስለሚጠይቁኝ፣ ሁለተኛ ስለሚጠይቁኝ ነው አይ ያልኩት። አልጠየቁኝም። ለሌላ ልጅ ሰጡት። ኪሳራው ያንቺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ፊት ለፊት አየች። ፊቷ ነጣ። ከንፈሯን ስትነክስ አየሁ፤ ሕፃን ሳለች ዶክተር ጋ መርፌ ስትወጋ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። 

"አባዬ" አለች በመጨረሻ። "እኔንም ጠይቀውኛል።"

"ማን?"

"ጽሑፌን የሚያርሙልኝ ሴትዮ። ሺ አስክድ ሚ ፈርስት። ሴፕቴምበር ላይ፣ ንባብ ክፍል ውስጥ። 'ለሚቀጥለው ዓመት እርዳታ ያስፈልግሻል?' አሉኝ። አይም ፋይን አልኳቸው። ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው።" መሪውን ለቀቀች። "ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ላይክ፣ ኤቭሪ ዊክ ጠበቅኩ። ሲቀር፣ አንተን ይጠይቁልኝ ይሆናል አልኩ። አንተ አባት ስለሆንክ የስ ትላለህ አልኩ።"

 ይህች ልጅ ስልክ ላይ ከአያቷ ጋር ስታወራ ከአምስት ቃል ሁለቱ እንግሊዝኛ ነው። ግስ ታሳስታለች፣ "አንቱ" ማለት የሚገባትን "አንተ" ትላለች። አማርኛ ላስተምራት ብዬ ስንት ዓመት ለፋሁ፣ ስንት ጊዜ ተቆጣሁ፣ ግማሹን እንኳ ማስተላለፍ አቃተኝ። ይህን መግደርደር ግን አንድ ቀን ሳላስተምራት ሙሉውን ወስዳዋለች። ምንም አልጎደለም። ምን ያህል ጊዜ እያየችኝ እንደኖረች አሰብኩ፤ ለአለቃዬ፣ ለጎረቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው "እኛ ደህና ነን" ስል። ከትምህርቷ መቅረት ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ትምህርቱን ሌላ ሰው ሊከፍልላት ይችላል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበልህ? ስቶፕ ማድረግ አልፈልግም ልበልህ? ወገብህ ታሞ?" እንባዋ መጣ። ከዚያ በጠራ አማርኛ፣ ቃሉን ቃል በቃል እየለቀመች፣ "አባዬ፣ ፈርቻለሁ" አለች። ልጄ ይህን ቃል ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ለማንም ብዬው አላውቅም።

"እኔም ፈርቻለሁ" አልኳት።

ስልኳን አወጣች። እትዬ ያሉትን ነገርኳት፤ ራሷ መጠየቅ እንዳለባት፣ እስከ ዓርብ እንደሆነ። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ብዙ ቆየ። የእኔ ሺፍት ከጀመረ አሥር ደቂቃ አልፏል።

እዚህ ላይ የሆነውን ልናገርና ልገላገል። የሙሉ ዓመቱ ክፍያ አመለጠን። እትዬ በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ ጥርስ ሐኪምና ከራሳቸው የንባብ ክፍል ጓደኞች አሰባስበው ለሁለት ኮርስ የሚበቃ አገኙላት። አሁንም በየሴሚስተሩ ሁለት ሁለት ኮርስ እየወሰደች ነው፤ ቀኑን አየር ማረፊያ ቲኬት መሸጫ መስኮት ላይ ትሠራለች። አብረዋት የጀመሩት ጨርሰዋል። መቼ እንደምትጨርስ ስጠይቃት ትከሻዋን ትነቀንቃለች፣ እኔም ቶሎ ወሬ እቀይራለሁ። አያቷን የምታስታምመው ልጅ ተመርቃለች፤ ስትመረቅ ሄጄ አጨብጭቤላታለሁ። ሽማግሌው እዚያው ነበሩ፤ እጄን ጨበጡኝ። እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ያን ዕለት መኪና ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አልታወቀም ነበር። ልጄ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ደወለች። እትዬ አነሡ።

"እኔ ነኝ" አለች ልጄ። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል። "ሴፕቴምበር ላይ አይም ፋይን ያልኩት እውነት አልነበረም። እርዳታ እፈልጋለሁ። መማር እፈልጋለሁ።"

  "ቃል መግባት አልችልም" አሉ እትዬ፣ "ግን ዛሬውኑ እደውላለሁ።" ቀጥለው "አባትሽ አጠገብሽ አለ?" ብለው ጠየቁ። "አለ" አለቻቸው።

"አንተስ?" አሉኝ። "ቤታችሁ ስላለው ነገር ልጅህ ትንሽ ትንሽ ነግራኛለች። ከዚያ ካሸግከው አስቤዛ በየሳምንቱ ላስቀምጥልህ?"

"ኦ ኖ፣ ኖ" አልኩ፣ "ለልጆቹ ይሁን፣ እኛ..."

ልጄ ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም። ፈርታ ነው ያየችኝ፤ አሁንም አይ እንዳልል ፈርታ።

"አዎ" አልኩ። "ያስፈልገናል።"